ቃለ መጠይቅ ላይ ነጥብ የሚያስገኘው ምንድን ነው? በሰሜን ሸዋ ለሥራ ለምትወዳደሩ

ቃለ መጠይቅ በሚያካሂደው ኮሚቴ ፊት አንድ የነጥብ መስጫ ቅጽ አለ፤ አመልካቾች ብዙ ጊዜ አያስቡትም። ቅጹ ላይ መመዘኛዎች ተዘርዝረዋል፦ የሙያ ዕውቀት፣ የሥራ ልምድ፣ ሐሳብን የመግለጽ ችሎታ፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ መሥራት፣ አንዳንዴም እንግሊዝኛ። ከየመመዘኛው ጎን የነጥብ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ጎን ደግሞ ለማስታወሻ የምትሆን ጠባብ መስመር አለች። ሦስትም አምስትም ሆነው የተቀመጡት ጠያቂዎች ለየብቻቸው ይሞላሉ፤ በኋላ ተደምሮ አማካዩ ይወሰዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ለፋብሪካ፣ ለባንክ ቅርንጫፍ፣ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለከተማ አስተዳደሩ መሥሪያ ቤት ስትወዳደሩ የቅጹ መልክ ይለያያል እንጂ አሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከጠያቂዎቹ ወገን ተቀምጠን ደጋግመን የምናየው ችግር አንድ ነው። ሥራውን እንደሚችል የሚያስታውቅ ሰው ይገባል፣ ይናገራል፣ አመስግኖ ይወጣል፤ በጠባቧ መስመር ላይ ግን የሚጻፍ ነገር አይተውልንም። «ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ፣ የሥራ ጫና እቋቋማለሁ» ከሱ በፊት የገቡትም ብለዋል፣ ከሱ በኋላ የሚገቡትም ይላሉ። ጠያቂው ደግሞ ያልተባለውን ገምቶ ነጥብ መስጠት አይችልም፤ ቅሬታ ቢነሳ ለምን ይህን ያህል ሰጠህ ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ ዝግጅታችሁ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይሂድ፦ ለየመመዘኛው ጠያቂው ሊጽፈው የሚችል ቁም ነገር ይዞ መግባት።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከማስታወቂያው ነው። የሥራ ማስታወቂያውን በስልካችሁ አንስታችሁ ብቻ አትተዉት። አንድ ነጭ ወረቀት ለሁለት አጥፋችሁ በግራ በኩል የሥራውን ዝርዝርና የተጠየቀውን ችሎታ አንድ በአንድ ገልብጡ፤ በቀኝ በኩል ከየአንዳንዱ አንጻር ያንን ነገር የሠራችሁበትን አንድ አጋጣሚ ጻፉ። አምስት ወይም ስድስት አጋጣሚ ይበቃል፤ ጥያቄው በምንም መልክ ቢመጣ ከእነዚህ አንዱ ይመልሰዋል። እያንዳንዱ አጋጣሚ አራት ነገር ይኑረው፦ የት ነበር፣ ችግሩ ምን ነበር፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ በመጨረሻ ምን ተለወጠ። ቢቻል አንድ ቁጥር ይግባበት። ባዶ የቀረ መስመር ካለ ደግሞ ጥያቄ የሚመጣው በዚያ በኩል መሆኑን ቀድማችሁ አወቃችሁ ማለት ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ለንብረት ክፍል የሚወዳደር ሰው «በንብረት አያያዝ ላይ ጥሩ ልምድ አለኝ፣ ጥንቃቄም እወዳለሁ» ቢል ቅጹ ላይ የሚሰፍር ነገር የለም። ያው ሰው እንዲህ ቢልስ፦ «የሠራሁበት መጋዘን ከ400 በላይ ዓይነት ዕቃ ነበረው። መጋዘኑ ውስጥ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቢን ካርድና ሒሳብ ክፍል ያለው ስቶክ ካርድ አይገጥሙም ነበር። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት 20 ዓይነት እየመረጥኩ መቁጠር ጀመርኩ። ልዩነቱ የሚመጣው መካኒኮች በቃል ብቻ ከሚወስዱት መለዋወጫ መሆኑን ለየሁ። ከኃላፊዬ ጋር ተነጋግረን ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ሳይቆረጥ ምንም ነገር እንዳይወጣ አደረግን። በዓመቱ ቆጠራ ልዩነት የተገኘባቸው 3 ዓይነቶች ብቻ ነበሩ።» ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጠያቂው ግን ችግር መለየት፣ አሠራር ማወቅ፣ ከአለቃ ጋር ተነጋግሮ መፍታት፣ ውጤት የሚሉትን ሁሉ ከዚሁ ላይ ይጽፋል። ቁጥሩ እውነተኛ ይሁን፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «እንዴት ቆጠርከው?» ስለሚሆን የተፈጠረ ቁጥር ወዲያው ይጋለጣል።

አገራችን ላይ አንድ እንቅፋት አለ፤ እሱም ይሉኝታ ነው። ራሱን የሚያሞግስ ሰው አይወደድም ተብለን ነው ያደግነው። በመሆኑም ብዙ ጎበዝ ልጆች ብቻቸውን የሠሩትን ሥራ «ሠራን፣ አስተካከልን» ብለው ያልፉታል። ጠያቂው ከዚያ ውስጥ የአመልካቹ ድርሻ የቱ እንደሆነ አያውቅም። የሠራችሁትን ልክ በልኩ መናገር ጉራ አይደለም። የቡድኑን የቡድኑ፣ የራሳችሁን የራሳችሁ አድርጉት፦ «አራት ነበርን፤ የእኔ ድርሻ የቅድመ ጥገና መርሐ ግብሩን ማዘጋጀት ነበር።» አንገት መድፋትም እንዲሁ ነው። ታላቅ ፊት ዓይን መስበር ቤት ውስጥ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን አንዳንዱ ጠያቂ የሚደብቀው ነገር አለ ብሎ ይተረጉመዋል። የጠየቃችሁን ሰው እያያችሁ ጀምሩ፣ መልሱ ሲረዝም ሌሎቹንም ተመልከቱ። ጠያቂው በዕድሜ ከእናንተ ቢያንስም «እርስዎ» በሉ።

«ራስህን አስተዋውቅ» ሲባል አብዛኛው ሰው ከትውልድ ቀበሌው ይጀምርና አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ እያለ ሲቪውን ያነባል። ሲቪው ጠያቂው እጅ ላይ ነው። አንድ ደቂቃ ተኩል በቂ ነው፦ ስም፣ ሙያና አሁን የምትሠሩት ወይም የተመረቃችሁበት፤ ቀጥሎ ከዚህ ሥራ ጋር የሚገናኙ ሁለት የሠራችኋቸው ነገሮች፤ በመጨረሻ ለምን ይህን ቦታ እንደፈለጋችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር። በስልካችሁ ድምፅ ቀድታችሁ አዳምጡት። «ማለት ነው» እና «እንግዲህ» ስንት ጊዜ እንደገባ፣ የት ላይ እንደምትቸኩሉ ወዲያው ይሰማችኋል። በቃል መሸምደድ ግን አይጠቅምም፤ መሐል ላይ አንድ ጥያቄ ሲገባበት ይበተናል። ነጥቦቹን ያዙ፣ ቃላቱን ልቀቁ።

ይህንኑ በእንግሊዝኛም ተለማመዱ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያሉ የውጭ ባለሀብቶች፣ ባንኮችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ቃለ መጠይቁን በአማርኛ ጀምረው መሐል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ሊዞሩ ይችላሉ። የሚፈለገው አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር ነው። ስድስቱን አጋጣሚዎች በእንግሊዝኛ አንድ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ያን ቀን አፉ አይያዝም። ጥያቄው ካልገባችሁ ይደገምልኝ ማለት ነጥብ አያስቀንስም፤ ያልተጠየቀውን መመለስ ግን ያስቀንሳል።

የሙያ ጥያቄ ላይ ትልቁ ነጥብ አለ፣ ትልቁ ኪሳራም እዚሁ ነው። ጠያቂው ትርጉም ብቻ የሚፈልግ ከሆነ የጽሑፍ ፈተናው ይበቃው ነበር፤ ፊት ለፊት የሚጠይቀው የአስተሳሰባችሁን ቅደም ተከተል ለማየት ነው። ለፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን የሚቀርብ የተለመደ ጥያቄ እንውሰድ፦ «ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሲያስነሱት ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ ምን ያደርጋሉ?» ብዙዎች «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ አወርደዋለሁ» ብለው ይጨርሳሉ። ጥሩ መልስ እንዲህ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ወዲያው አጠፋዋለሁ፣ እንዲያ ሆኖ ከቆየ ጥቅልሉ ይቃጠላልና። ኦፕሬተሩን ምን እንዳየ እጠይቃለሁ። ከዚያ አንድ ፌዝ ጎድሎ እንደሆነ በሦስቱም መካከል ቮልቴጁን እለካለሁ፤ ፊውዙን፣ የኮንታክተሩን መገናኛዎች፣ የላሉ ተርሚናሎችን አያለሁ። ኦቨርሎዱ ከሞተሩ አምፔር ጋር መመጣጠኑንም አረጋግጣለሁ። ኃይሉ ደህና ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያውን ቆልፌ፣ ምልክት አንጠልጥዬ፣ ዘንጉ በእጅ መዞሩን እሞክራለሁ፤ ኩሽኔታው ወይም የሚነዳው ማሽን ተይዞ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን የማወርደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ደኅንነትን አስቀድሞ። ምክንያቱን በትክክል ባይደርስበት እንኳ እንዲህ ያሰበ ሰው ነጥብ ያገኛል።

በሌላውም ሙያ መንገዱ ይኸው ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ የባንክ ማስታረቅ (የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር) ከሞላ ጎደል ሳይጠየቅ አይቀርም፤ ያልተመነዘረ ቼክ፣ በባንክ ያልተመዘገበ ገቢ፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያ በየትኛው በኩል እንደሚደመርና እንደሚቀነስ በወረቀት ሠርታችሁ ግቡ፤ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ታክሱ ከተካተተበት ዋጋ ውስጥ ነጥሎ ማውጣትንም እንዲሁ። (ከታክስ በፊት ያለውን ዋጋ ለማግኘት ጠቅላላውን በ1.15 ማካፈል ነው፤ ጠቅላላውን በ15 በመቶ አባዝቶ መቀነስ የተለመደ ስህተት ነው።) ለመምህርነት የ10 ደቂቃ ማሳያ ትምህርት ሊታዘዝ ስለሚችል ከክፍሉ መጽሐፍ አንድ ርዕስ ተዘጋጅቶ ይያዝ። ለስፌት ኦፕሬተርነት የሚታየው ንግግር ሳይሆን የእጅ ቅልጥፍና ነው፤ ጥፍር ተቆርጦ፣ እጅ ሞቆ ይገባል።

ዜሮ ዓመት ላይ የምትወዳደሩ አዲስ ምሩቃን ልምድ የለኝም ብላችሁ እጃችሁን አትስጡ። ጠያቂውም ዜሮ ብሎ ነው የጠራችሁ። ግን የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከማንም በላይ ዕወቁት፦ ጥያቄው ምን ነበር፣ መረጃው ከማን ተሰበሰበ፣ ምን ተገኘ፣ እንደገና ብትሠሩት ምን ትለውጣላችሁ። ከሌላ ሰው ገልብጦ ያስረከበ ተመራቂ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል። የተግባር ልምምድ የወጣችሁበትን ድርጅት ሥራ ከጥሬ ዕቃ መግቢያው እስከ ምርት መውጫው ማስረዳት ቻሉ። በቤተሰብ ሱቅ ሒሳብ የያዘ፣ የምንጃር ጤፍ ለነጋዴ ሲሸጥ ሚዛንና ደረሰኝ የተቆጣጠረ ሰው እሱንም ይናገር፤ ሥራ ነው።

አሁን ደብረ ብርሃን ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ወደሚበረታ አንድ ጥያቄ እንለፍ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ያለችው። ቀጣሪው የሚሰጋው ስድስት ወር አሠልጥኖ ሠራተኛው ጥሎት አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ እንዲወርድበት ነው። ስለዚህ «እዚህ ትቆያለህ ወይ?» የሚለው በአንድም በሌላ መንገድ ይመጣል። «የትም ብሆን ግድ የለኝም» ማለት ጥርጣሬውን ያጠነክራል። የምትቆዩበትን ምክንያት ተናገሩ፦ ቤተሰብ እዚህ ነው፣ ቤት ተከራይቻለሁ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በቅዳሜና እሁድ እዚሁ መማር ጀምሬያለሁ። ለወረዳ ቦታ ስትወዳደሩም እንዲሁ ነው። የሸዋ ሮቢት ሙቀትና የመሐል ሜዳ ብርድ ለየቅል ናቸው፤ ቦታውን የሚያውቅ ሰው መልስ ያስታውቃል። ቢያንስ የወረዳው ሕዝብ በምን ሥራ እንደሚተዳደር፣ መሥሪያ ቤቱ ምን ፕሮጀክት እንዳለው ከሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ግቡ።

ስለ ድክመት ሲጠይቁ «ሥራ አበዛለሁ» የሚለው መልስ ስለተሰለቸ ይቅር። እውነተኛ፣ ግን የሥራው ምሰሶ ያልሆነ ድክመት ምረጡና ለማረም የምታደርጉትን ጨምሩ፦ ሰው ፊት ሪፖርት ማቅረብ ይከብደኝ ነበር፤ አሁን ሳምንታዊውን ስብሰባ እኔ እንድመራ ጠይቄ እየለመድኩ ነው። ከቀድሞ ቀጣሪ ለምን እንደለቀቃችሁ ሲጠየቅ፣ በደል ቢኖርም እንኳ፣ ስለሚሄዱበት እንጂ ስለሚለቁት ቦታ አይዘረዘር።

ደመወዝ ላይ ብዙዎች ይደናገጣሉ። በስኬል የሚከፍል መሥሪያ ቤት ከሆነ «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ማለት በቂ ነው። በስምምነት ከሆነ ግን ቁጥር ይዛችሁ ግቡ፤ የምትናገሩት ቁጥርም ያልተጣራው (ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ ያለው) ይሁን። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከግብር ነፃ የሆነው የመጀመሪያው 2,000 ብር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 እስከ 35 በመቶ በየእርከኑ ይቆረጥበታል። በዚህ ላይ 7 በመቶ ጡረታ አለ። 10,000 ብር የተባለ ደመወዝ 1,650 ብር ግብርና 700 ብር ጡረታ ተነሥቶለት 7,650 ብር ነው እጅ የሚገባው። ይህን ሳያሰላ «10,000 ይበቃኛል» ያለ ሰው የመጀመሪያው ወር ላይ ያኮርፋል።

ሰነድ በዋዜማው የሚሰበሰብ ነገር አይደለም። ዋናውና ሁለት ሁለት ኮፒ፦ ዲግሪ ወይም ቴምፖ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ ለቴክኒክና ሙያ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ማረጋገጫ፣ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። የልምድ ደብዳቤው ላይ የሥራ መደቡ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደመወዙ፣ ፊርማና ማኅተም መኖሩን እዩ። ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉን መግለጽ አለበት፤ ይህ ባለመኖሩ ብቻ በርካታ መሥሪያ ቤቶች ልምዱን አይዙም። የአባት ስም በእንግሊዝኛ ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ መታወቂያው ላይ ሌላ ዓይነት ፊደል ከሆነ ቀድማችሁ አስተካክሉ። ሌላው ዘመን መቀላቀል ነው። ደብዳቤው ከመስከረም 2013 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ሲል ሲቪው ከ2013 እስከ 2023 ካለ፣ ሁለት ዓመት ከአሥር ወር ወደ አሥር ዓመት ተለወጠ፤ ኮሚቴው ደግሞ እንደ ማጭበርበር ሊያየው ይችላል። ሲቪው ላይ አንዱን አቆጣጠር ብቻ ተጠቀሙ። ለገንዘብ ያዥ፣ ለንብረት ጠባቂና ለሹፌር ዋስ ስለሚጠየቅ ዋስ የሚሆናችሁን ሰው አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል። በኢሜይል «9:00» ከጠዋት ብሎ የሚጽፍ የውጭ ድርጅት በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው። በቁጥር 05/06 ብቻ ከተጻፈ በእኛ የካቲት 5 ሊሆን ይችላል፣ በፈረንጆቹ ከሆነ ግን ግንቦት 28 ነው። ሲደወልላችሁ በዚያው ስልክ «ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ማክሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር ይህ ቀን ማለት ነው?» ብላችሁ አረጋግጡ፤ ቦታውን፣ የሚያነጋግራችሁን ክፍልና ይዛችሁ የምትመጡትን ሰነድም ጠይቁ።

ከወረዳ የምትመጡ ቀድማችሁ ግቡና እደሩ። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ የሚነሳ ሰው ጣርማበር ላይ ጉም ይጠብቀዋል፤ መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። በደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት ውርጭ ነው። ከቆላ በስስ ሸሚዝ የመጣ አመልካች ኮሪደር ላይ ሰዓት ሲጠብቅ ከቆየ በኋላ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይገባል፤ ኮሚቴው ብርዱን ከፍርሃት አይለየውም። ከሸሚዙ ሥር የሚሞቅ ነገር ልበሱ፣ ከላይ ንጹሕና የተተኮሰ ኮት ወይም ሹራብ ይሁን። ትኩስ ሻይ ጠጥታችሁ ግቡ። ስልክ ይጥፋ፤ በንዝረት ላይ ያለ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ይሰማል።

የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ «ይህን አልሠራሁበትም፤ ቅርብ የሆነው የማውቀው ግን ይህ ነው» ብላችሁ የምታውቁትን ተናገሩ። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ሲሉ «የለኝም» ብሎ መነሣት ዕድል ማባከን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከዚህ ቦታ ምን ውጤት እንደሚጠበቅ ጠይቁ፤ ፈረቃ ካለ እንዴት እንደሚዞርና ትራንስፖርት መኖሩን ጠይቁ። ውጤት መቼና በምን እንደሚገለጽም እወቁ፦ በማስታወቂያ ሰሌዳ ነው ወይስ በስልክ?

ለምዝገባ፣ ለፎርም ወይም «ቦታ ለመያዝ» በቴሌብር ገንዘብ ላኩ የሚል ሰው ሥራ የለውም። ስልኩን ዝጉና ድርጅቱ ድረስ በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ።

ካለፋችሁና «መቼ ትጀምራለህ?» ከተባላችሁ፣ አሁን በሥራ ላይ ያላችሁ ከሆነ «ነገ» አትበሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ይህን የሚያከብር ሰው አዲሱ ቀጣሪም ያከብረዋል፤ መልቀቂያ ለማግኘትም አትቸገሩም። በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ብቁ ካልሆናችሁ ቀጣሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ስለሚችል የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቃለ መጠይቁ ያልተናነሱ ናቸው። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የሥራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ የሥራ ቦታውና የውሉ ዘመን የተነገራችሁ መሆኑን አንብቡ። የጽሑፍ ውል ካልተሰጣችሁ ቀጣሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታውን ዘርዝሮ የፈረመበት ጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ በጨዋ ቃል ጠይቁ፣ አንድ ኮፒም በእጃችሁ ይቅር።